የሙታን ፊት፤ ስለ ጥንታዊት ግብፅ የመቃብር ጭምብሎች

የኦሪት ዘፍጥረት የመጨረሻው ምዕራፍ ያዕቆብ በግብፅ አገር ባረፈ ጊዜ ልጁ ዮሴፍ ባለመድኃኒቶችን አዝዞ የአባቱን ሬሳ በሽቱ እንዳሳሸው፣ ለዚህም ሥራ አርባ ቀን እንደ ፈጀ፣ ግብፃውያንም ሰባ ቀን እንዳለቀሱለት ይተርካል። በዚያው ምዕራፍ መደምደሚያ ዮሴፍ ራሱ እንደ አባቱ በሽቱ ታሽቶ በሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ይህን ታሪክ የአገራችን የመጽሐፍ ተማሪ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ነገር ግን መጽሐፉ የማይነግረን አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሬሳው ታሽቶ በጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ ለፊቱ ምን ይደረግለት እንደ ነበር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየውን የግብፅ ጭምብል ተመልካች ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ ይቆጥረዋል፤ ሟቹ ይህን ይመስል ነበር ብሎም ያልፋል። እኔም በውጭ አገር ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ መጀመሪያ ያየሁት ጭምብል ከግርጌው «የአንዲት ሴት መልክ» የሚል ጽሕፈት ነበረው፤ በዚሁም አምኜ ብዙ ወራት ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ጠጋ ብዬ ስመረምረው፣ ጭምብሉ ሕያዋን ሟቹን እንዲያስታውሱበት የተሠራ ሥዕል አለመሆኑን ተረዳሁ። ሟቹ ራሱ እንዲያይበት፣ እንዲናገርበትና በአማልክት መካከል እንዲቆጠርበት የተሠራ ፊት ነበር። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጭምብሎች የጠፉትና የተበላሹት ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ለሟች ፊት የማዘጋጀት ልማድ እጅግ ጥንታዊ ነው። በላይኛው ግብፅ ነኸን በምትባለው፣ ግሪኮችም ሂየራኮንፖሊስ ባሏት ከተማ፣ በመኳንንት መካነ መቃብር ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ ጭምብሎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3600 ዓመት ገደማ ይገመታል፤ ይህም ሁለቱ የግብፅ ክፍሎች በአንድ ንጉሥ ሥር ከመዋላቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በአሮጌው መንግሥት ዘመን ደግሞ፣ ማለት ታላላቆቹ የጊዛ ፒራሚዶች በተሠሩበት ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ፣ ሬሳው በጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ በጨርቁ ላይ ጄሶ እየተለሰነ የፊቱ ቅርጽ ይወጣለት ነበር። ይህ ገና ጭምብል ሊባል አይችልም፤ ከሬሳው ጋር የተጣበቀ ልስን ነበረና። ለብቻው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በሟቹ ራስ ላይ የሚደፋው ጭምብል የመጣው የአሮጌው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2100 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። በመካከለኛው መንግሥት ዘመን የየአውራጃው ሹማምንትና ባለጸጎች ይህን ልማድ ያዙ። በ12ኛው ሥርወ መንግሥት ጭምብሉ ወደ ታች እየረዘመ ሄዶ መላውን አካል ሸፈነና የሰው መልክ ያለው የሬሳ ሣጥን ሆነ። ስለዚህ በየመጽሐፉ ሥዕሉን የምናየው ሰው መሳይ ሣጥን የጭምብል ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ብዙ ውስብስብነት የለውም። ሠሪው የተልባ እግር ጨርቅ በሙጫ እየነከረ በአንድ ቅርጽ ላይ ንብርብር አድርጎ ያለብሳል፤ ሲደርቅም እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ፈረንጆች ካርቶናዥ የሚሉት ይህ ነው። በላዩ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሙጫ ተለውሶ ይቀባና ነጭ መደብ ይሆናል፤ ከዚያ ሠዓሊው ሥራውን ይጀምራል። ቀለማቱ ጥቂት ናቸው፤ ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ቀዩና ቢጫው ከቀለማም አፈር ይገኛል። ሰማያዊው ግን ልዩ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። አሸዋና ኖራ መዳብ ካለበት ማዕድን ጋር በእቶን ውስጥ ተጠብሶ የሚወጣ ሲሆን፣ የሰው ልጅ በጥበቡ ከሠራቸው ቀለሞች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዓይኖቹ በጥቁር መስመር ይከበባሉ፤ ይህም በሕይወት ሳሉ ወንዱም ሴቱም ይኳለው የነበረው ኩል ነው። ሟቹ ባለጸጋ የሆነ እንደሆነ ፊቱ በስስ ወርቅ ይለበጣል፤ አቅም ያነሰው ግን በወርቅ ፈንታ ቢጫ ቀለም ይቀባለታል።

ብዙ መጻሕፍት የጭምብሉን ምክንያት ሲያስረዱ ስለ ባ ይናገራሉ። ባ ማለት የሰው ራስና የወፍ አካል ተሰጥቶት የሚሣል የሟቹ ኃይል ነው። ቀን ከመቃብር ወጥቶ ይበርራል፤ ሲመለስ የራሱን ሬሳ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ እንዳይሳሳት ጭምብል ተደረገለት ይባላል። ይህ አገላለጽ ለማስተማር ይመቻል፤ እኔም ለተማሪዎች ስናገረው ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን ጭምብሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመለከት ሰው አይጸናም። በአንድ ዘመንና በአንድ አውራጃ የተሠሩ ጭምብሎች እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ጤነኛ፣ ሁሉም ፈገግ ሊሉ የቃጡ ናቸው። ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ፣ አንድ ዓይና ወይም ፊተ ጠባሳ በመካከላቸው አይገኝም። ባ የሚመራው በመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በየሌሊቱ መቃብር ይሳሳት ነበር። ሟቹን ከሌላው የሚለየው መልኩ ሳይሆን ስሙ ነው። የመጽሐፈ ሙታን ጥቅልሎች እንኳ አስቀድመው ለገበያ ተዘጋጅተው የስሙ ቦታ ባዶውን ይጠብቅ ነበር፤ ገዢው ሲገኝ ስሙ ይገባበታል። ባዶ ቦታው ሳይሞላ የቀረባቸው ጥቅልሎችም አሉ።

መልኩ የሟቹ ካልሆነ የማን ነው? የአማልክት ነው። የሰማይ ላም መጽሐፍ ተብሎ በሚጠራው ጥንታዊ ድርሰት፣ ራ የተባለው የፀሐይ አምላክ ባረጀ ጊዜ አጥንቱ ብር፣ ሥጋው ወርቅ፣ ጠጉሩም ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ ዕንቁ እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህ በወርቅ የተለበጠ ፊትና በሰማያዊ የተቀባ ጠጉር የሀብት ማሳያ ብቻ አይደለም፤ የሟቹ ሥጋ ወደ አምላክ ሥጋ መለወጡን የሚናገር ምልክት ነው። ሟቹም ከዚያ በኋላ ኦሲሪስ እገሌ እየተባለ ይጠራል፤ ኦሲሪስ ተገድሎ ዳግመኛ ሕይወት ያገኘና በሙታን ላይ የነገሠ አምላክ ነውና።

ይህን ከሁሉ አጥብቆ የሚያስረዳው በመጽሐፈ ሙታን ምዕራፍ 151 ውስጥ የሚገኘው፣ ለጭምብሉ የሚነገረው ቃል ነው። ቃሉ ከመካከለኛው መንግሥት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በንጉሥ ቱታንኻመን የወርቅ ጭምብል ትከሻና ጀርባ ላይ ተቀርጿል። ጭምብሉም የምሥጢር ራስ ይባላል። ቃሉ ፊቱን በየክፍሉ ይቆጥራል፤ አንዱን ዓይን የፀሐይ አምላክ በሌሊት ከሚጓዝባት ታንኳ ጋር፣ ሌላውን ከቀን ታንኳው ጋር፣ ቅንድቦቹን ከዘጠኙ አማልክት ማኅበር ጋር፣ ግንባሩን ከአኑቢስ ጋር፣ ማጅራቱን ከሆረስ ጋር አንድ ያደርጋል። እንግዲህ የምናየው ፊት የአንድ ሰው ፊት ሳይሆን የብዙ አማልክት መሰብሰቢያ ነው።

መልክእ ሲደገም የሰማ አንባቢ በዚህ ስፍራ የሚያውቀው ዜማ የሰማ ሊመስለው ይችላል። በእኛ መልክእ ደራሲው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን አካል እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ቅርጹ ይቀራረባል፤ አሳቡ ግን ይለያል። በመልክእ የሚመሰገነው አስቀድሞ የከበረ ቅዱስ ሲሆን፣ በግብፃውያኑ ቃል ግን ሟቹ በየአካሉ እየተጠራ ገና ወደ ክብር ይገባል። ከእንዲህ ያለ መመሳሰል ተነሥተው የዘር ሐረግ መቁጠር የሚወዱ ሊቃውንት አሉ። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1929 ልፋፈ ጽድቅን ሲያሳትም የኢትዮጵያውያን መጽሐፈ ሙታን ብሎ ሰይሞታል። ከሟች ጋር ጽሑፍ መቅበር በሁለቱም አገር መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለውን ከሺህ ዓመት የበለጠ ክፍተት የሚሞላ ማስረጃ ሳይቀርብ ስሙን ማጋባት ችኮላ ይመስለኛል።

ወደ ጭምብሉ እንመለስ። በቀብሩ ዕለት ሙሚው፣ ማለት በመድኃኒት የደረቀው ሬሳ፣ በመቃብሩ ደጃፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግ ነበር። ካህኑም የአናጢ መጥረቢያ የመሰለ መሣሪያ ይዞ አፉንና ዓይኑን ይነካል፤ ይህም አፍ የመክፈት ሥርዓት ይባላል። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሁኔፈር ፓፒረስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1300 ዓመት ጥቂት ዘግይቶ የተሣለ፣ ሥርዓቱን በግልጽ ያሳያል። ሴቶች በእግሩ ሥር ያለቅሳሉ፤ አኑቢስ ከኋላ ደግፎ ይይዘዋል፤ ካህናቱም መሣሪያውን ወደ ፊቱ ይዘረጋሉ። የሚነካው የጭምብሉ አፍ ነው፤ እውነተኛው አፍ ከብዙ መጠቅለያ በታች ተሰውሯልና። ከዚያች ሰዓት በኋላ ሟቹ የሚበላውም፣ የሚናገረውም፣ የሚያየውም በዚህ ፊት ነው።

ሕያዋን ይህን ፊት የሚያዩት ለዚያች ጊዜ ብቻ ነበር፤ ወዲያው በሣጥን ላይ ሣጥን ይዘጋበታል። በ1905 ጄምስ ኪቤል በነገሥታት ሸለቆ ውስጥ የዩያንና የሚስቱን የቱያን መቃብር አገኘ፤ እነርሱም የንግሥት ቲዬ ወላጆች ናቸው። በቱያ ሬሳ ላይ የነበረው ጭምብል በወርቅ የተለበጠ፣ በዕንቁና በመስተዋት ያጌጠ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጌጥ በስስ የተልባ እግር ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ጨርቁም ከዘመን ብዛት ጠቁሮ ከወርቁ ጋር ተጣብቆ ተገኝቷል። ለዕይታ የተሠራ ነገር በመሸፈኛ አይጋረድም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በቱታንኻመን መቃብር ውስጥ በአንድ ተራ ሣጥን ሁለት ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ሬሳ ተገኝቷል፤ የንጉሡ ልጆች እንደ ሆኑ ይታመናል። ከእነርሱ የታናሿ ሬሳ በወርቅ የተለበጠ ጭምብል ተደርጎለት ነበር። ይህች ሕፃን አንድ ቀን እንኳ በሰው መካከል አልኖረችም፤ ስም እንኳ አልተጻፈላትም፤ በሣጥኗ ላይ የተጻፈው ኦሲሪስ የሚለው ብቻ ነው። የሚያስታውሳት ጎረቤት፣ የሚለያት ወዳጅ አልነበራትም። ጭምብሉ መታሰቢያ ቢሆን ኖሮ ለእርሷ ባላስፈለገ ነበር።

የአባትዮው ጭምብል ታሪክ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ሃዋርድ ካርተር መቃብሩን በኅዳር ወር 1922 አገኘ፤ የመጨረሻው የወርቅ ሣጥን ተከፍቶ ጭምብሉ የታየው ግን በጥቅምት 1925 ነው። ቁመቱ 54 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። በቀብሩ ጊዜ በሬሳው ላይ የፈሰሰው ሽቱና ሙጫ ደርቆ ሬሳውን፣ ጭምብሉንና ሣጥኑን አጣብቋቸው ነበር። ካርተር በፀሐይ ሙቀት ሊያቀልጠው ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ሬሳው እየተቆራረጠ ወጣ፤ ራሱም ከአንገቱ ተለይቶ ከጭምብሉ ውስጥ በጋለ ቢላዋ ተላቀቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የንጉሡ ፊትና የንጉሡ ሬሳ ተገናኝተው አያውቁም። ሬሳው በሉክሶር አጠገብ በገዛ መቃብሩ ውስጥ ሲገኝ፣ ጭምብሉ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሰሜን በቤተ መዘክር ይታያል። ካርተርን በዛሬ ሚዛን መውቀስ ቀላል ነው፤ በዘመኑ ከነበሩት ቆፋሪዎች ይልቅ ጠንቃቃ እንደ ነበርና እያንዳንዱን ዕቃ በጽሑፍና በፎቶግራፍ እንደ መዘገበ መዘንጋት አይገባም። ጭምብሉ የማን ፊት ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደ ነበረ የምናውቀው በእርሱ መዝገብ ነው።

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ የሚፈታተን የሚመስለው የሮማውያን ዘመን ነው። ግብፅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት በሮማ መንግሥት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ በተለይ ፋዩም በሚባለው አውራጃ፣ በጭምብል ፈንታ በስስ ሳንቃ ላይ የተሣለ የሰው መልክ በሙሚው ፊት ላይ ይደረግ ጀመር። ከእነዚህ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ወደ 1000 ገደማ ይታወቃሉ። ብዙዎቹ በቀለጠ ሰም ተለውሶ በተዘጋጀ ቀለም የተሣሉ ናቸው። በዚህ ስፍራ መመሳሰሉ ይቀራል። ጠጉሯን በሮማ ንግሥታት ፋሽን የተሠራች ወይዘሮ፣ ጢሙ ገና ያቀነቀነ ጎረምሳ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ አዛውንት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዓይን ይመለከቱናል። ሊቃውንትም የጠጉር አሠራራቸውን ከነገሥታቱ ሐውልትና ገንዘብ ጋር እያመዛዘኑ ዘመናቸውን ይወስናሉ።

ፍሊንደርስ ፒትሪ በ1888 በሃዋራ ሲቆፍር ብዙ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አገኘ። ከእነርሱ አንዱ ገና በእንጨት ክፈፉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ፒትሪ ሥዕሎቹ በሕይወት ሳሉ ተሥለው በቤት ይሰቀሉ ነበር፤ ባለቤቱ ሲሞት ወደ ሙሚው ይዛወሩ ነበር የሚል አሳብ አቀረበ። ሌሎች ደግሞ ለቀብር ብቻ ተሣሉ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም በአንድ ዘመን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሳንቃው ጠርዙ ተቆርጦ በመጠቅለያው ውስጥ መግባቱ ነው። ለቤት የተሣለ ቢሆን እንኳ መቃብር ሲወርድ ሥራው ተለወጠ።

ይህን የሚያስረዳው የአርጤሚዶሮስ ሙሚ ነው። ከሃዋራ የመጣ ሲሆን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ዘመኑም የሁለተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው። ስሙ ግሪክ ነው፤ ሥዕሉ የአንድ ሮማዊ ወጣት ሥዕል ይመስላል፤ ከደረቱ በላይም በግሪክኛ የስንብት ቃል ተጽፏል። ከዚያ በታች ግን በቀይ መደብ ላይ በወርቅ የተሣሉት አኑቢስ ሬሳውን ሲያሰናዳ፣ ሆረስና ሌሎቹ አማልክት ሲረዱት ነው። ይህ ወጣት በአደባባይ የግሪክ ሰው ነበር ቢባል አይገርምም፤ በሞት ጊዜ ግን የታመነው በኦሲሪስ ነው። እንዲሁም በቱና ኤል ጀበል ከጄሶ የተሠሩት የዚያው ዘመን ጭምብሎች ጠጉራቸው የሮማ ሲሆን፣ ራሳቸው ከትራስ ቀና ብሎ ከእንቅልፍ የሚነሣ ሰው ይመስላሉ። እንግዲህ መልኩ የሟቹ ሆነ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። አንዳንዶች በፋዩም ሥዕሎች ላይ የአውሮፓን የሥዕል ጥበብ መነሻ ብቻ ሲያዩ ግማሹን ነገር የሚተዉት ለዚህ ነው። ልማዱ በሦስተኛው ምዕት ዓመት እየደከመ ሄዶ በአራተኛው ጠፋ።

ከሮማውያን በፊት በነበረው በበጥሊሞሳውያን ዘመን ጭምብል ሠሪዎች ጨርቅ ሲወደድባቸው በጽሕፈት ቤት የተጣለ አሮጌ ፓፒረስ፣ ማለት ከደንገል የተሠራ ወረቀት፣ ገዝተው በጨርቅ ፈንታ ይጠቀሙ ጀመር። ፒትሪ በ1889 እና በ1890 በጉሮብ ባደረገው ቁፋሮ ከእንዲህ ያለ ካርቶናዥ ውስጥ ግሪክኛ ጽሑፎች ወጡ፤ በ1891 ሲታተሙም የአፍላጦን ፌዶን ክፍልና ጠፍቶ የነበረው የኤውሪጲዴስ ድራማ አንቲዮጴ ክፍል ተገኘባቸው። የግሪክ ሊቃውንት ደስታ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ካርቶናዥ እንደ ማዕድን ይፈለግ ጀመር። ቅርፊቱ በውኃ ይነከራል፤ ቀለሙና ኖራው ይታጠባል፤ ወረቀቱ ይላቀቃል። በ2001 የታተሙት 112 የባለቅኔው የፖሲዲጶስ አጫጭር ግጥሞች የተገኙት ከሙሚ ካርቶናዥ ነው፤ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። ቀለም የተቀባውን ገጽ ሳያጠፉ ወረቀቱን የማላቀቅ ዘዴም በኋላ ተገኝቷል። ቢሆንም ፊቱ ታጥቦ የወረደበት ጭምብል ተመልሶ አይሠራም።

ይህ ነገር የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ከአንደኛው ምዕት ዓመት የሆነ የማርቆስ ወንጌል ቁራጭ ተገኘ ተብሎ በይፋ ተነገረ፤ ከጭምብል ውስጥ የወጣ ነው የሚል ወሬም ተከተለ። በዚያው ተስፋ ጭምብል በሙቅ ውኃና በሳሙና የሚያሟሙ ሰዎች ሥራቸውን በፊልም አሳዩ። ቁራጩ በ2018 ሲታተም ዘመኑ የሁለተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወይም የሦስተኛው መጀመሪያ ሆነ፤ የወጣውም ከጭምብል ሳይሆን ቀድሞ በኦክሲሪንኮስ ከተቆፈሩት ወረቀቶች መካከል ነበር። ወንጌልን ለማግኘት መጓጓት የሚነቀፍ አይደለም፤ የታጠበው ፊት ግን የአንድ ሰው የትንሣኤ ተስፋ፣ በራሱ እምነት የታሰበ፣ ነበር።

እኔም ራሴ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ትምህርቴን ልጨርስ በተቃረብኩበት ዓመት በአንድ ቤተ መዘክር ዕቃ ቤት የበጥሊሞሳውያን ዘመን ጭምብል እንድመለከት ተፈቅዶልኝ ነበር። ጠባቂው ጭምብሉን ገልብጦ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ደፋልኝ፤ በውስጡ የግሪክ ፊደላት ይታያሉ፤ የእህል ሒሳብ ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ያህል አጎንብሼ ቁጥሮቹን ስለቅም ቆየሁ። ልሄድ ስል ጠባቂው ቀና አደረገው፤ ያን ጊዜ ቢጫ ፊቱንና በኩል የተከበቡትን ዓይኖቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ስለ ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። መዝገቡን አወጣና የገባበትን ዓመትና የሸጠውን ነጋዴ አነበበልኝ፤ መቃብሩ በሚለው ዐምድ ግን ምንም አልተጻፈም ነበር።